ድርብ ቀንድ ያለው አጋዘንና የሐዲስ ሽምግልና

ናዝሬት ውስጥ ሰው ሁለት ስም አለው፤ ቤተሰብ ያወጣለትና ሰፈር ያወጣለት። ከተማዋ ራሷ አዳማም ናዝሬትም እየተባለች ስትኖር፣ ነዋሪዋ «እኔ አንድ ይበቃኛል» ቢል ማን ይሰማዋል? ማህተም ቀራጩን ቤተሰቡ ሐዲስ አለው፤ የፍራንኮ ሰፈር ደግሞ «ሳንቲም ገላጭ» አለው። ሞራ ገላጭ ሞራ ያያል፣ ስኒ ገላጭ ስኒ ያያል፣ ሐዲስ አስር ሳንቲም ያያል። ልዩነቱ ሌሎቹ ዓይተው የሰው ዕድል ይናገራሉ፤ ሐዲስ ግን አስር ሳንቲም ዓይቶ የሚናገረው ስለ አስር ሳንቲም ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም እንጂ።

ሐዲስ አርባን የረገጠ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አውራ ጣቱ ከማህተም ቀለም የተነሳ ሐምራዊ የሆነ ሰው ነው። በአንድ ቢሮ አጥር ጥግ ከጃንጥላ ትንሽ ሰፋ የምትል የቆርቆሮ ሱቅ አለችው፤ ግንባሯ ላይ «ማህተምና ቲተር በአስቸኳይ ይሠራል» የሚል ተጽፎባታል። «በአስቸኳይ» የምትለው ቃል የተጻፈችው ሳንቲም ማየት ሳይጀምር ነው። አሁን ለታሪክ ነው ያለችው።

በሽታው የጀመረው አንድ ደንበኛ «የሠራህልኝ ማህተም ሁለት ሁለት ያትማል!» ብሎ የጮኸበት ዕለት ነው። ሐዲስ ማህተሙን ተቀብሎ ወረቀት ላይ መታው፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ደንበኛው መታው፤ ሁለት ሆነ።

«ወንድሜ፣ ማህተሙ ምንም አልሆነ። እጅህ ነው የሚዘለው። ቁርስ በልተህ ምታ» አለው።

ሰውየው ተሳድቦ ሄደ። ሐዲስን ግን ነገሩ ይከነክነው ጀመር። ሳንቲምም እኮ በማህተም የሚመታ ነገር ነው! ማህተሙ ብረት ከመሆኑና ወረቀቱ መዳብ መሳይ ጠፍጣፋ ከመሆኑ በቀር ምን ልዩነት አለው? እዚያስ የሚዘል እጅ አይኖርም? ከኪሱ ጥግ፣ ባለሱቅ ቀርቶ ለማኝ የማይቀበላትን አንዲት ቀይ አስር ሳንቲም አወጣና ወደ ዓይኑ አስጠጋት። በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ በባዶ ዓይኑ ነበር የሚያየው። ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ ሰዓት በስልኩ ማየት ስለጀመረ ሥራ የፈታ አንድ ሰዓት ሠሪ ዓይን ላይ የሚሰካውን ማጉያ መነፅሩን ሸጠለት። ከዚያ ወዲህ ማህተም ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሐዲስን የሚያገኘው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሌላው ጥቁር ቧንቧ ሰክቶ፣ እንደ ማር ቆራጭ ተጎንብሶ ነው።

«ድርብ ሁሉ ድርብ አይደለም» ማለት ይወዳል፤ የሚሰማው ባይኖርም። ሳንቲሙ ሲመታ ብረቱ ነጥሮ ከሆነ፣ የፊደሉ ጎን እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ሆኖ ይላጫል፤ ፊደሉም ይከሳል። ይህን ሐዲስ «ዘላይ» ይለዋል። ዘላይ እንደ ክረምት እንጉዳይ ነው፤ ሞልቷል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ማህተሙ ራሱ ሲቀረፅ ሁለት ጊዜ የተቀረፀ እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም ምስል ክብ፣ ሙሉ፣ ጥጋበኛ ሆኖ ይወጣል፤ ጫፍ ጫፉም እንደ ዓሣ ጭራ ለሁለት ይከፈላል። እውነተኛው ድርብ እሱ ነው። ምቱ ወደ ጎን ሄዶ ግማሽ ፊቱ ባዶ የቀረ ሳንቲምም አለ፤ ማህተሙ ተሰንጥቆ በአንበሳው ጎፈር መሃል ክር የመሰለ መስመር የተወም አለ። ባቡር ሐዲድ ላይ ተቀምጦ የተዳጠም ያመጡለታል። እሱን ሲያይ ያዝናል። «ይሄን የበደለው ማተሚያ ቤት አይደለም፤ እናንተ ናችሁ» ብሎ ይመልሳል።

ሐዲስ በክብሪት ቀፎ ሙሉ ዘላይ ነበረው። ስንጥቅም ነበረው። እውነተኛ ድርብ ግን አልነበረውም። አስር ሳንቲም ላይ ከአንበሳው ጀርባ አጋዘን አለ፤ የዚያን አጋዘን ቀንድ በድርብ ተቀርፆ የማየት ምኞት ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ሰው ወርቅ ይመኛል፣ ቤት ይመኛል፤ እሱ የተመኘው ቀንድ ነው።

ወሬው የተነሳው ከቡዜ ነው። ቡዜ ከሱቁ አጠገብ ፓስቲ የምትጠብስ፣ ዘይቷ ሳይግል ወሬዋ የሚግል ሴት ናት። አንድ ቀን መልስ ውስጥ የተደባለቀች አስር ሳንቲም ወርውራለት፣

«ሐዲሴ፣ የእኔን እስቲ እያት፤ ምን አለባት?» አለችው።

ሐዲስ ቀና ሳይል «ስብራት አለባት» አለ።

በማግስቱ የቡዜ በርጩማ እግሩ ተሰብሮ ዱቄት ጆንያ ውስጥ በአፍ ጢሟ ተደፋች። «ነግሮኝ ነበር!» እያለች ተነሳች፣ ነጭ በነጭ ሆና። በሳምንቱ የባጃጅ ሾፌሩ ቶኩማ ሳንቲም አሳየውና «ተሰንጥቋል» ተባለ፤ ቀን ላይ የባጃጁ መስታወት በጠጠር ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው? በመሀረብ ጫፍ ሳንቲም የቋጠሩ ሴቶች ከሱቁ ፊት ተሰለፉ። አንዲት አሮጊት ፍየላቸው ጠፍታ መጡ።

«እማማ፣ እኔ የማየው አጋዘን ነው እንጂ ፍየል አይደለም» አላቸው ሐዲስ ሊያስረዳ።

«አጋዘን አልክ? አሃ፣ ዱር ገብታለቻ! ዋቃ ይስጥህ ልጄ» ብለው ሄዱ። ፍየሏም ከቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘች። እንግዲህ ይህን ሰው ጠንቋይ አይደለህም ብሎ ማን ይከራከርለታል? ራሱ ሲከራከር ደግሞ «አዋቂ ነኝ አይልም፣ ትሁት ነው» አሉት።

ከመላው ፍራንኮ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው ኤቢሴ ብቻ ናት። ኤቢሴ ከፊት ለፊቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ወለንጪቲ ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳውን ያጋመሰች፣ ምላሷ እንደ ወረቀት መቁረጫ የሆነች ሴት። አንድ ቀን ማሽኗ ወረቀት ውጦባት ሥራ ስትፈታ መጥታ ቆመችበት።

«ይሄ ድርብ የምትለው ነገር… የተበላሸው ኦሪጅናሉ ነው ወይስ ኮፒው?»

ሐዲስ ማጉያውን ከዓይኑ ሳያወርድ ቀና አለ። የኤቢሴ ቅንድብ የአዋሽን ጫካ አክሎ ታየው። እንዲህ ያለ ያማረ ጫካ አይቶ አያውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ኦሪጅናሉ ደብዛዛ ከሆነ ኮፒው ሁሉ ደብዛዛ ነው። ኦሪጅናሉ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ግን ያቺ አንዷ ብቻ ናት የምትበላሸው። የቱን ነው የምትፈልገው?»

«ኦሪጅናሉን» አለ ሐዲስ። «ኦሪጅናሉን ነው የምፈልገው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤቢሴ ቀይ ሳንቲም ባገኘች ቁጥር ትይዝለት ጀመር፤ እሱ ደግሞ «በአስቸኳይ» የሚሠራው የእሷን ሥራ ብቻ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ወደ ቁም ነገር ዞረ።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው። «ግን ስማኝ። እናቴ ዲንቄ እስካሁን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሳለች። የመጀመሪያዎቹ ‘ልጃችን ቤት አለው’ አሏት፤ የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀች፤ ዝም አሉ። ውሸት ከሸተታት አበቃ። አንተ ትጠነቁላለህ የሚለው ወሬ ደግሞ ወለንጪቲ ገብቷል።»

«እንዴት ገባ?»

«በሚኒባስ ነዋ! የቡዜ እህት እዚያ አይደል ያለችው?»

«እናትሽ እምቢ ካሉስ?»

ኤቢሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እናቴ እምቢ ካለች እኔም እምቢ ነኝ። ብቻዋን አሳድጋኛለች። እያለቀስኩ እምቢ ነኝ፣ ግን እምቢ ነኝ።»

ሐዲስ ሦስት ሽማግሌ መረጠ። አንደኛው የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴው አብዱልመናን ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ቤሪንግ ሲሸጡ እንኳ ምርቃት የሚጨምሩ። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በሙሉ መናኸሪያ ተራ ሲያስከብሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ወዬሳ ናቸው፤ እኚህ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ ራሱ የአዋሽ አውቶቡስ ሊነሳ ይመስላል። ሦስተኛው ደገፋ የሚባሉ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ጢማቸው ረጅም አዛውንት ናቸው፤ ለጢማቸው ነው የተመረጡት።

አብዱልመናን ከመሄዳቸው በፊት ሐዲስን ለብቻው ጠሩት።

«ላንተ ስል ወለንጪቲ አይደለም ጅግጅጋ እሄዳለሁ። ግን በአላህ ንገረኝ፤ አትጠነቁልም?»

«አልጠነቁልም ጋሼ።»

«የቡዜ በርጩማስ?»

«ምስጥ በልቶት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ምስጥ ከሆነ እሄዳለሁ።»

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ደገፋ ደወሉ። ጥርሳቸው ሲያማቸው አድሮ ጉንጫቸው ድፎ ዳቦ ሆኗል። ጢሙ እንኳ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። የተቆረጠ ቀጠሮ አይሰረዝምና ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሱ፤ ሐዲስም መንገድ ሊያሳያቸው አብሮ ሄደና መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ አለ። የሚያገባ ሰው ሽማግሌ ሲላክ አብሮ አይገባም፤ ነውር ነው። ሥራው በሩቅ ሆኖ ሆዱን መያዝ ነው። ሐዲስ ሻዩን ሳይጠጣው ስልኩ ጮኸ። አብዱልመናን ናቸው፤ በሹክሹክታ።

«ጉድ ሆነናል። ሴትዮዋ ‘በሁለት ጉልቻ ድስት ሲጣድ አላየሁም፤ ሦስተኛው የት አለ?’ አለችን። ወዬሳ ‘መንገድ ላይ ነው!’ ብሎ ጮኸ።»

«እና ማነው ሦስተኛው?»

«አንተ ነሃ!»

«ጋሼ! እኔ እኮ ሙሽራው ነኝ!»

«ቀስ በል። ሙሽራ የምትሆነው ሴትዮዋ እሺ ስትል ነው፤ አሁን እንደማንኛውም ሰው ነህ። እሷ ደግሞ ፊትህን አይታው አታውቅም። ጋቢ ፈልግና ቶሎ ና፤ ስምህ ደገፋ ነው።»

የኤቢሴ ማስጠንቀቂያ ሐዲስ ጆሮ ላይ አቃጨለ። ባይሄድ ሽማግሌዎቹ ውሸታም ሊባሉ ነው፤ ቢሄድ ውሸቱ እሱ ራሱ ሊሆን ነው። ከሻይ ቤቱ ዘበኛ ጋቢና ከዘራ ተዋሰ። ጋቢው የሳር ቤት ጭስ ይሸታል። እንደተከናነበ በዚያ በረሃ ሙቀት ላቡ ቁልቁል ወረደ። ጎበጥ ብሎ ከዘራውን እየተደገፈ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ አንዴ በግራው እያነከሰ ግቢው ደረሰ።

የወይዘሮ ዲንቄ ግቢ ሰፊ ነው። መሃሉ ላይ ማሽላ ሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ ግራር ላይ ደግሞ የግሪሳ ወፍ መንጋ ማሽላው ላይ ለመውረድ አሰፍስፎ ተቀምጧል። ባለቤቲቱ በርጩማ ላይ ተንሰራፍታ፣ በአንድ እጇ አሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዛለች። ዲንቄ የሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ በሚዛን ሳይሆን በዓይኗ ነው የምትመዝነው። ወፎቹ ትንሽ ሲጠጉ ጣሳውን ታንቃጭለዋለች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው እንደቆሙ በየጊዜው ይዘላሉ።

ሐዲስ ጣሳው ሲንቃጨል ቀጥ ብሎ ቆመ። ውስጡ ያለው ጠጠር አይደለም። አዲሱ ሳንቲምም አይደለም፤ እሱ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው የሚለው። ይሄ የድሮው አስር ሳንቲም ነው፤ ድምፁ እንደ ደወል ይረዝማል።

«አካም ጅርቱ አቶ ደገፋ፣ ቀሩብን እኮ» አለች ዲንቄ።

«ጥርሴን… ጥርሴን ነው» አለ ሐዲስ ጋቢውን ወደ አፉ ስቦ።

ወዬሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል!» ሲሉ፣ ጎረቤት የሆነ ሰው አውቶቡስ ሊነሳ መስሎት ሻንጣውን ይዞ ከበሩ ወጣ።

«ደህና መጣችሁ። ልጁ ምን ይሠራል?»

«ማህተም ይቀርፃል» አሉ አብዱልመናን። «እጁ ወርቅ ነው። አመሉ ማር ነው። ሱሱ ሻይ ብቻ።»

«እናንተስ ተናገራችሁ። ባለ ጋቢው ምን ይላሉ?»

መከራ መጣ። ሽማግሌ ከሆኑ ልጁን ማወደስ ግዴታ ነው፤ ልጁ ራስዎ ከሆኑ ደግሞ ራስን ማወደስ ነውር ነው። ሐዲስ ሁለቱንም ነበር።

«ልጁ… ደህና ነው። ማለት… ክፉ አይደለም።»

አብዱልመናን እግሩን ረገጡት።

«መልኩስ?» አለች ዲንቄ።

«እንግዲህ… ሰው ይለምደዋል።»

አብዱልመናን ድጋሚ ረገጡት። ከቤቱ በር መጋረጃ ጀርባ የሆነ ነገር እንደ መታፈን ያለ ድምፅ ተሰማ። ለቀጠሮው ከናዝሬት የመጣችው ኤቢሴ ናት፤ በሳቅ ነው ይሁን በድንጋጤ አልታወቀም።

«ጉድ ነው» አለች ዲንቄ። «ልጃቸውን የሚያማ ሽማግሌ ዛሬ አየሁ። ይሁን። ይጠነቁላል የሚባለውስ?»

«ፍፁም!» አለ ሐዲስ፣ ድንገት መጉበጡን ረስቶ። «ፍፁም አይጠነቁልም!»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ላይ ተጎንብሶ ምን ይሠራል?»

«ጉድለት ይፈልጋል።»

«የማንን?»

«የሳንቲሙን።»

ዲንቄ ጣሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ቢጠነቁል ይሻለው ነበር» አለች። «ጠንቋይ እንኳ የሚፈልገውን ያውቃል።» ቀጥላም ጣሳውን ገልብጣ ሳንቲሞቹን ሰፌድ ላይ ዘረገፈቻቸው። «ይኸው። እርስዎ ያሳደጉት ልጅ ከሆነ አንድ ሁለቱን ያውቃሉ። ምን እንደሚያይ ያሳዩኝ።»

ሐዲስ በዓይኑ ብቻ ሊያይ ነበር ያሰበው። እምልላችኋለሁ፣ ለራሱም እንደዚያ ነበር የነገረው። እጁ ግን ኪሱ ገብቶ ነበር፤ ማጉያው ዓይኑ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ጋቢው ትከሻው ላይ፣ ከዚያ ወገቡ ላይ፣ ከዚያ መሬት ላይ ነበር። ከዘራው የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

«ዘላይ…» አለ አንዱን ወደ ጎን እያደረገ። «ዘላይ። ይሄም ዘላይ። ይሄ ስንጥቅ ነው፣ ጥሩ ስንጥቅ ነው… ይሄ የተዳጠ…»

ወዬሳ አሳሉ። አብዱልመናን አሳሉ። ሁለቱ ተራ በተራ ሲያስሉ ግቢው የሳንባ ሐኪም ቤት መሰለ። ሐዲስ አልሰማም። አንዲት ቀይ አስር ሳንቲም አገላብጦ ወደ ፀሐይ አዙሯት ደርቆ ቀርቷል። የአጋዘኑ ቀንድ ሁለት ነበር። አልተላጨም፣ አልከሳም፤ ክብ ክብ ብሎ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ፣ ጫፉ ላይ እንደ ዓሣ ጭራ ተከፍሎ። በሁለት ጉልበቱ ሸራው ላይ ወደቀ፤ ማሽላው ተበተነ።

«አቶ ደገፋ?» አለች ዲንቄ።

ዝም።

«አቶ ደገፋ!»

ዝም።

ዲንቄ ወደ ፊት ዘንበል አለችና ቀስ ብላ «ሐዲስ!» አለች።

«አቤት!» አለ ሐዲስ።

ወዬሳ ባርኔጣቸውን አነሱ። አብዱልመናን «ኢና ሊላሂ» አሉ። መጋረጃው ጀርባ የነበረው ድምፅም ጠፋ።

ሐዲስ ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። የሠራው ሥራ ገና አሁን ታየው። ሐምራዊው አውራ ጣቱ፣ መሬት የወደቀው የዘበኛ ጋቢ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ የወይዘሮ ዲንቄ ፊት። በመጋረጃው ቀዳዳ የኤቢሴን ዓይን አየ፤ እንባ ሞልቶታል።

«ቤት የሌለውን ‘ቤት አለው’ የሚል ሽማግሌ አይቻለሁ» አለች ዲንቄ። «ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ውሸታም ግን በዕድሜዬ አላየሁም።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለ ሐዲስ።

«በእጅህ ያለው ምንድነው?»

አብዱልመናን ከኋላ ሆነው በዓይናቸው ጠቀሱት። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ልጅቷ እንደሁ ሄዳለች፣ ሳንቲሟን እንኳ ይዞ ይውጣ ነው። «ምንም አይደለችም» ቢል ሴትዮዋ «ውሰዳት» እንደምትለው ግልጽ ነበር። ለወፍ ማባረሪያ የተቀመጠ አስር ሳንቲም ማን ይከለክላል?

ሐዲስ ሳንቲሟን ሰፌዱ ላይ መለሳት።

«እማማ፣ ይቺ ድርብ ናት» አለ። «እውነተኛ ድርብ። ማህተሙ ራሱ ሁለቴ የተቀረፀባት። ፀጉሬ ሳይሸብት ጀምሮ የፈለግኳት እሷን ነው። ለማንም እንዳይሰጡ። ለእኔም ቢሆን እንዳይሰጡ። ብቻ እባክዎ ጣሳ ውስጥ አያንቃጭሏት፤ ቀንዷ ያልቃል።»

«ኪስህ ብትከታት ማን ያይህ ነበር?»

«ማንም።»

«ጥርሴን አመመኝ ብለህ ጋቢ ለብሰህ ስትዋሽ ያላፈርክ ሰው፣ አሁን ምን ነካህ?»

«ያ እኮ ስለ እኔ ነው» አለ ሐዲስ ግራ ገብቶት። «ስለ እኔ ምንም ቢባል ምን አለበት? እሷን ግን እንዴት ብዬ ዘላይ ናት እላለሁ? ይዩአት እንጂ!» ማጉያውን አነሳና፣ ማንን እንደሚያናግር ረስቶ፣ በሴትዮዋ ዓይን ላይ ሰካው።

ወዬሳ ፊታቸውን ሸፈኑ። ዲንቄ ግን ማጉያውን አልወረወረችም። ጎንበስ አለች። ሳንቲሟን አዟዟረቻት። ለብዙ ጊዜ አየች።

«ሁለት ነው ቀንዱ» አለች።

«ሁለት ነው!» አለ ሐዲስ።

«ክብ ክብ ነው።»

«ዘላይ ቢሆን ይላጭ ነበር!»

ዲንቄ ማጉያውን አወረደችና መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ከሆዷ ነበር የሚመጣው፤ በርጩማው ተንቋቋ። «ሽንኩርት ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የሚዋሸኝ ሁሉ ስለ ዕቃው ነው የሚዋሸኝ፤ የበሰበሰውን ከሥር፣ ደህናውን ከላይ። ራሱን ከሥር አድርጎ ዕቃውን ከላይ ያደረገ ሰው ዛሬ አየሁ። ልጅቷ ከዚህ ሰውዬ ጋር ትራብ እንደሆነ እንጃ፤ ግን አትታለልም። ኤቢሴ! ነይ ውጪ፤ መጋረጃዬን ቀደድሽው።»

ኤቢሴ ወጣች፤ ፊቷ ግማሹ ለቅሶ ግማሹ ሳቅ ነበር።

«ሰው ይለምደዋል?» አለችው። «እንዲህ ነው ራስህን የምታወድሰው?»

«እሺ ተብለናል ወይስ አልተባልንም?» አሉ ወዬሳ። «ጉልበቴ አለቀ!»

«ታኣ፣ ተቀመጡ» አለች ዲንቄ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ሳንቲሟን ግን አልሰጥም።» ድርቧን አስር ሳንቲም አንስታ ጣሳው ውስጥ ጣለቻትና ሌሎቹንም በላይዋ መለሰች። የሐዲስ ፊት እንደ ተዳጠ ሳንቲም ሆነ። ያን ጊዜ ግራሩ ላይ የነበረው ግሪሳ ማሽላው ላይ ወረደ፤ ዲንቄም ጣሳውን አነሳች።

«እማማ አያንቃጭሉት!» ብሎ ሐዲስ ዘለለ። የዘበኛውን ጋቢ ከመሬት አነሳ፣ ከራሱ በላይ እያወናጨፈ፣ «ሽሽ! ዋይ! ሂዱ!» እያለ በማሽላው ዙሪያ ሮጠ። ወፍ የሚባል አልቀረም። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ቡዜ ፓስቲውን ጠበሰች፤ ትዳሩን አስቀድሞ በሳንቲም አይቶታል ብላ ለእንግዳው ሁሉ እየማለች። ወለንጪቲ ውስጥ ደግሞ እንደ ሐዲስ ያለ አማች የለም ይባላል፤ በየእሁዱ ከሚስቱ ቀድሞ ከሚኒባስ ይወርዳል፣ የአማቱን ጉልበት ስሞ ይነሳል፣ ሰላምታው ሳያልቅ ግቢው ውስጥ መሮጥ ይጀምራል። ሲደክመው አረፍ ሊል ቁጭ ካለ ዲንቄ እጇን ወደ ጣሳው ስደድ ታደርጋለች፤ እሱም ተመልሶ ይነሳል። ወፎቹም ለምደውታል፤ እሱ ካልሮጠ የማይነሱም አሉ።

አንድ እሁድ ኤቢሴ ባሏ በላብ ተነክሮ ሲሮጥ እያየች አዘነችለት።

«እማዬ፣ ያቺን አንዷን ሳንቲም ከጣሳው አውጥተሽ ለብቻዋ ብታስቀምጫትስ? በሌሎቹ እኮ ማንቃጨል ትችያለሽ።»

ዲንቄ ልጇን እንደ ሞኝ ሽንኩርት ገዢ አየቻት።

«እሷን ካወጣኋት» አለች፣ «ማን ወፍ ያባርርልኛል?»